ጡንቻ ሲጎዳ የሚባዛው ሴል የትኛው ነው? ከአንድ ረጅም ውይይት

ጥያቄውን የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የሚያሠራ ወጣት ነው። አንድ ደንበኛው ኳስ ሲጫወት የታፋው የኋላ ጡንቻ ተሰንጥቋል። አሠልጣኙ ደንበኛውን ሲያጽናና የነገረውን ነገር ይዞ መጣ። እንደሱ እምነት የጡንቻ ሴል ሲቀደድ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ የተጎዳው ቦታ ከድሮው ወፍሮ ይድናል፤ 2 ሳምንት ማረፍም ይበቃዋል። ከተሳሳተ እንዲታረም በትሕትና ጠየቀ።

ውይይቱ ከ30 መልስ በላይ ሄደ። መጨረሻው ላይ የአንድ ልጅ ሕክምና ጉዳይ ስለገባበት ዋና ዋናውን እዚህ አስቀምጣለሁ። ምርቃትና ሰላምታ ብቻ የያዙትን መልሶች ዘልያቸዋለሁ።

1ኛውና 2ኛው መልስ ከአሠልጣኙ ጋር ተስማሙ። ሁለቱም ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ናቸው። በማግስቱ ሰውነት የሚጠዘጥዘው ጡንቻ እየተባዛ ስለሆነ ነው ብለው ያምናሉ። ሁለተኛው የፕሮቲን ዱቄት መከረ።

3ኛው ከባሕር ዳር ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ማንንም ሳይነካ በለዘብታ አረማቸው። የጡንቻ ክር ራሱ አንድ ሴል ነው፤ ረጅም፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኒውክሊየስ ያለው፣ ውስጡ በሚኮማተሩ ፕሮቲኖች የተሞላ። እንዲህ ያለ ሴል አይከፈልም። የሚከፈለው ከጎኑ የተለጠፈ ትንሽ ሴል ነው። በክሩ ሽፋንና ክሩን ዙሪያውን በጠቀለለው ስስ ሽፋን መካከል ተሸጉጦ ይኖራል። ሳተላይት ሴል ይባላል፤ የጡንቻ ስቴም ሴል፣ ማለትም አዲስ የጡንቻ ሴል የሚያፈራው መነሻ ሴል፣ እሱ ነው።

አሠልጣኙ በ4ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። ይህን ያህል ትልቅ ሥራ የሚሠራ ሴል ካለ እንዴት እስከ ዛሬ ሳይሰማ እንደቀረ ገረመው።

5ኛው መልስ የአንድ የባዮሎጂ መምህር ነው። ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ስለሚመጣ መምህሩ እያልኩ እጠራዋለሁ። ሴሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት እግር ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ አገኘው። በዚያው ዓመት በርናርድ ካትዝም አይቶታል። ማውሮ ይህ ሴል በጡንቻ ጥገና ውስጥ እጁ ሳይኖርበት እንደማይቀር ያኔውኑ ገምቶ ነበር። ማረጋገጫው ግን ዘገየ። በ2000 የማይክል ሩድኒኪ ቡድን ካናዳ ውስጥ ፓክስ7 የሚባለው ጂን ለእነዚህ ሴሎች የግድ እንደሆነ አሳየ። በ2011 ደግሞ የተለያዩ ቡድኖች ፓክስ7 ያላቸውን ሴሎች ከአይጥ ጡንቻ አጥፍተው ጡንቻውን አቆሰሉት። አልዳነም። በጡንቻ ፋንታ ስብና ጠባሳ ሞላው። ለእኔ ከዚህ በላይ ክርክር የሚዘጋ ማስረጃ የለም።

6ኛዋ ጎንደር የምትኖር እናት ነች፤ ጂምም ላብራቶሪም አታውቅም። ጥያቄዋ ግን ከሁላችንም ቀደመ። እነዚህ ሴሎች ጡንቻ እየሆኑ የሚያልቁ ከሆነ ሰውየው ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ሲጎዳ ማን ይጠግነዋል?

መምህሩ በ7ኛው መልስ ሒደቱን ከመጀመሪያው አንስቶ ዘረዘረው። ደህና በሆነ ጡንቻ ውስጥ ሳተላይት ሴሉ ይተኛል። ኖች የሚባለው የሴሎች መልእክት እንዲተኛ ያደርገዋል። ጡንቻው ሲቀደድ በሴሎቹ ዙሪያ ታስረው የቆዩ የእድገት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፤ ዋናው ኤችጂኤፍ ነው። ሴሉ ይነቃል። ማዮዲ የሚባለው ጂን ይበራል። ሴሉ አሁን ማዮብላስት ሆኗል፤ ይከፈላል፣ ደጋግሞ ይከፈላል። ቀጥሎ ማዮጄኒን ይበራል። ያኔ መከፈሉን ለዘለዓለም ያቆማል። ጎን ለጎን የተሰለፉት ሴሎች እርስ በርስ ይዋሃዳሉ ወይም ከተጎዳው ክር ጋር ይቀላቀላሉ። ይህን ውህደት የሚያስችሉት ፕሮቲኖች የታወቁት በቅርቡ ነው፤ ማዮሜከር በ2013፣ ማዮሚክሰር በ2017። አዲሱ ክር መጀመሪያ ላይ ኒውክሊየሶቹን መሐሉ ላይ ደርድሮ ይታያል። ቆይቶ ወደ ጠርዝ ይገፋቸዋል። የፓቶሎጂ ሐኪም በናሙና ላይ መሐል የተደረደሩ ኒውክሊየሶችን ካየ ይህ ጡንቻ በቅርቡ እንደተጠገነ ያውቃል።

የእናትየዋን ጥያቄም አልረሳም። ሲከፈሉ ሁሉም ጡንቻ አይሆኑም። ከፊሎቹ ማዮዲን አጥፍተው ወደ ቦታቸው ይመለሱና እንደገና ይተኛሉ። እሷም በ8ኛው መልስ ወዲያው ገባት። ከሊጡ ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ እንደማስቀረት መሆኑን ጻፈች። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የእሷን አባባል እየጠቀሱ ነው የተወያዩት።

9ኛው መልስ ከረሆቮት፣ እስራኤል መጣ። ጸሐፊዋ ቤተ እስራኤል ነች፤ የላብራቶሪ ቴክኒሻን። በጡንቻ ምርምር ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ሲ2ሲ12 የሚባል፣ ላብራቶሪ ውስጥ እየተባዛ የሚኖር የሴል ዘር አለ። መነሻው እሷ የምትኖርበት ከተማ ነው። እናት ዘሩን በ1977 ዳቪድ ያፌና ኦራ ሳክሰል በቫይዝማን ተቋም አወጡት። የአይጥ ታፋ ጡንቻ ተጨፍልቆ፣ ከ70 ሰዓት በኋላ ሴሎቹ ተወሰዱ። ለምን ቆይተው እንደወሰዱ ያብራራችው ደስ ይላል። በዚያ ሰዓት ሳተላይት ሴሎቹ ነቅተው በመባዛት ላይ ናቸው።

ከዚያ እሷ ራሷ የምትሠራውን ነገረችን። ሴሎቹ ሐምራዊ ቀይ ፈሳሽ ባለበት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያድጋሉ። ፈሳሹ ውስጥ ሴረም፣ ማለትም ከደም የሚወጣው ሴሎቹን የሚመግብ ፈሳሽ፣ ሲበዛ ይባዛሉ። ሳህኑን ሊሞሉት ሲሉ ፈሳሹ ይቀየርና ሴረሙ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ የፈረስ ሴረም ነው። ምግቡ ሲቀንስ መባዛት ያቆማሉ። ክብ ክብ የነበሩት ይሾላሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ረጃጅም ቱቦዎች ይሆናሉ። አንዳንዱ ማንም ሳይነካው ራሱ ይኮማተራል። መጀመሪያ ያየች ቀን ከማይክሮስኮፑ ላይ መነሳት እንዳቃታት ጻፈች። ፈሳሹን መቀየር የረሳ ሰውም ያውቀዋል፤ ቀዩ ወደ ቢጫ ይዞራል፣ ሴሎቹም መርገፍ ይጀምራሉ።

ይህ መልስ አንድ የሲያትል ነዋሪ አነሳሳ፤ 10ኛው። ማዮዲን ያገኙት እሱ ከተማ ውስጥ፣ ፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል፣ በሃሮልድ ዋይንትራብ ላብራቶሪ በ1987 እንደሆነ አስታወሰን። ይህን አንድ ጂን የጡንቻ ባልሆኑ ሴሎች ውስጥ ሲያስገቡት ሴሎቹ ወደ ጡንቻ ተቀየሩ። ዋይንትራብ በ1995 ገና በ49 ዓመቱ በአንጎል ዕጢ ሞተ። ጸሐፊው ይህን ያህል ሠርቶ በዚያ ዕድሜ መሄዱ እንደሚያሳዝነው ጨመረ። እኔንም ያሳዝነኛል።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የሰላም ነበር። 11ኛው ላይ ነገር ተቀየረ። ጸሐፊው የወጌሻ ልጅ ነው። አባቱ ያለ ማይክሮስኮፕ ስንቱን በቅቤ አሽቶ እንዳስነሳ ዘረዘረና የእኛን ወሬ የፈረንጅ ልፍለፋ ነው አለ። 12ኛው፣ ያ ለዘብተኛ የባሕር ዳር ባለሙያ፣ ተቆጣ። ጡንቻ በተሰነጠቀ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥብቆ ማሸት የደም መፍሰሱን ያባብሳል። በኃይል የተመታ ጡንቻ ገና ትኩስ ሳለ ሲታሽ አንዳንዴ ውስጡ አጥንት ይሠራል፤ ይህ የታወቀ ጉዳት ነው። ታሽቶ ታሽቶ ጉልበቱን ማጠፍ ያቃተው ወጣት አክሞ እንደሚያውቅም ጻፈ። ቃሉ ሹል ነበር። 13ኛው መሐል ገባ። ወጌሻው ማሰርና ማሳረፍ ያውቅበታል፤ ያ ልክ ነው፤ ጠቡ በጉልበት ከማሸቱ ጋር ብቻ ነው። የወጌሻው ልጅ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ባይሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ የአባቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገን ነበር።

14ኛዋ ድሬዳዋ ያለች ፋርማሲስት ነች። ሰው ሁሉ ትንሽ ሲያመው ዲክሎፌናክ እንደሚገዛ አማረረች። የቁስሉ ማበጥ ጠላት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጡት ማክሮፌጅ የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሞተውን ያጸዳሉ፤ ሳተላይት ሴሎቹንም እንዲባዙ ይገፋሉ። ቆይተው ጠባያቸው ይቀየርና ሴሎቹ እንዲዋሃዱ ያግዛሉ። እብጠቱን ቶሎ ማጥፋት ጥገናውን ሊያደናቅፍ ይችላል። ማስረጃዋ በ2007 የወጣ ጥናት ነው። ኢንዶሜታሲን የሚባል እንደ ዲክሎፌናክ ያለ መድኃኒት የወሰዱ ሯጮች ከረጅም ሩጫ በኋላ ሳተላይት ሴሎቻቸው አልጨመሩም፤ ያልወሰዱት ግን ጨምረው ተገኙ። መምህሩ በ15ኛው መልስ ይህን አልካደም፤ ጎደሎውን ሞላ እንጂ። የዚያው ጥናት መሪ አቢጌል ማኪ በ2016 በአይቡፕሮፌን ሞክራ ተቃራኒውን አገኘች፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ሴሎቹ ይበልጥ ነቅተው ነበር። ስለዚህ በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ፋርማሲስቷ ተቀበለችው። ለጨጓራና ለኩላሊት ያላት ስጋት ግን እንዳለ መሆኑን አስረግጣ አለፈች፤ እውነቷን ነው።

16ኛው መልስ የጋሼ ነው፤ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በ70 ዓመታቸው ይህ ሁሉ ሴል አልቆባቸው እንደሆነ ጠየቁ። መምህሩ በአክብሮት መለሰላቸው። ቁጥሩ ከሕፃንነት ጀምሮ ይቀንሳል፤ ሲያረጁም ለመንቃት ይዘገያል፤ ግን አያልቅም። በ1990 ቦስተን ውስጥ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አዛውንቶች ለ8 ሳምንት ክብደት አንስተው የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጋሼ መረቁን።

ይህ መልስ ግን ሌላ ጠብ ወለደ። 18ኛው ሰው ክብደት ሲነሳ ጡንቻ የሚወፍረው በሳተላይት ሴል ነው ብሎ ደመደመ። 19ኛው በኃይል ተቃወመው። በ2011 ኬንታኪ ውስጥ ሳተላይት ሴል የሌላቸው አይጦች ጡንቻ ጫና ሲበዛበት ወፍሯል፤ ነባሩ ክር ራሱ ፕሮቲን ጨምሮ ማበጥ ይችላል። 18ኛው ተመልሶ በ2016 የወጣ ጥናት ያንን እንደሚቃወም አመጣ። ተሰዳደቡ፤ ሁለት መልስ ተሰረዘ። ከውጊያው የተረፈው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የተቀደደ ጡንቻ ለመጠገን ሳተላይት ሴል የግድ ነው፣ ለመወፈር ግን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሳይንቲስቶቹም አልጨረሱትም። ለአሠልጣኙም በዚያው መሐል መልስ ተሰጠው። ደንበኛውን በቀን ቆጠራ ሳይሆን በፈተና እንዲመልሰው መከሩት። የተጎዳው እግር ጉልበት ከደህናው ጋር ሲቀራረብና ያለ ሕመም በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ሲችል ብቻ ነው ሜዳ የሚገባው።

22ኛው ላይ ጨዋታው ወደ ሥጋ ዞረ። በ2013 ለንደን ላይ የሆላንዳዊው ሳይንቲስት የማርክ ፖስት በርገር ከላም ጡንቻ ስቴም ሴል ተሠርቶ በአደባባይ ተበልቷል። አንዱ ይህ በጾም ይበላ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው እላለሁ፤ ሴሉ ከእንስሳ ነው፣ ግን እንስሳ አልታረደም። የረሆቮቷ እህታችን እዚያው ከተማ ያለ ኩባንያ ከላም ሴል ያሳደገውን ሥጋ የእስራኤል ዋና ራቢ በ2023 ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የሚበላ፣ እንዳሉት ነገረችን። የጾሙን ጉዳይ ግን ሊቃውንት እንዲመልሱት ተውነው።

ከዚያ 25ኛው መልስ መጣ። ጸሐፊዋ እናት ነች። ልጇ 6 ዓመቱ ነው። ከወለል ሲነሳ በእጁ ታፋውን እየገፋ ነው የሚቆመው። ባቱ ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ ጠንካራ ልጅ መስሏት ነበር። ዱሼን የጡንቻ መሳሳት ነው ብለዋታል። ውጭ አገር ስቴም ሴል የሚወጋ ክሊኒክ እንዳለ በስልክ ተነግሯት ቤተሰቡ መኪና ሊሸጥ ነው። ውይይቱን ከላይ ጀምሮ አንብባዋለች። ጡንቻ የሚሠራው ስቴም ሴል ከሆነ መወጋቱ ለምን እንደማይረዳው ጠየቀች።

26ኛው ወዲያው እንድትሄድ ገፋፋት፤ የክሊኒኩንም ስልክ ለጠፈ። ስልኩ ተሰርዟል። 27ኛው ሚኒያፖሊስ የሚኖር አባት ነው፤ ልጁ 15 ዓመቱ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው፣ ሕመሙም ያው ነው። እንዲህ ያለ መርፌ ቀርቦለት ያውቃል። ለ26ኛው አላዘነለትም። በሌላ ሰው ልጅ ስም ኮሚሽን የሚበላ እንደሆነ ፊት ለፊት ጻፈበት። ማስረጃ ሳይኖረው ኮሚሽን ማለቱ ከበደኝ፤ ቁጣው ግን ቁጣዬ ነው። መኪናውን የሚሸጠው መካሪው አይደለም።

መምህሩ በ28ኛው መልስ የጻፈው ለእኔ ከሁሉም የላቀ ነው። ለእናትየዋ ቀስ ብሎ፣ እህቴ እያለ ጻፈላት። ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን የጡንቻውን ክር ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል። ጂኑን በ1987 የሉዊስ ኩንክል ቡድን ቦስተን ላይ አገኘው። ዱሼን ያለበት ልጅ ይህ ፕሮቲን የለውም፤ በተራመደ ቁጥር የክሩ ሽፋን ይሰነጠቃል። ሳተላይት ሴሎቹ ተነስተው ይጠግናሉ። አዲሱ ክር ግን የሚሠራው ከዚያው ጂን ስለሆነ እሱም ዲስትሮፊን የለውም፤ ተመልሶ ይሰነጠቃል። በ2015 ደግሞ የሩድኒኪ ቡድን ችግሩ ሳተላይት ሴሉ ራሱ ውስጥም እንዳለ አሳየ። ያለ ዲስትሮፊን ሴሉ በትክክል መከፈል ያቅተዋል። ባቱ የወፈረውም በጥንካሬ አይደለም፤ ስብና ጠባሳ እየገባበት ነው።

ከጤነኛ ሰው ማዮብላስት ወስዶ መውጋት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በልጆች ላይ ተሞክሯል። አብዛኛው ሴል በተወጋ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። የተረፈው መርፌው ከገባበት ብዙም አልራቀም። የሰውነት መከላከያም አጠቃው። ልጆቹ ጉልበት አላገኙም። ዛሬ በማስታወቂያ የሚሸጡት መርፌዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከስብ ወይም ከእትብት የተወሰዱ ሴሎች ናቸው። እነሱ ሳተላይት ሴል አይደሉም። ጡንቻ የመሥራት ሥራም የላቸውም።

29ኛዋ የረሆቮቷ ቴክኒሻን ነች። አጠር ያለ የዲስትሮፊን ጂን ወደ ጡንቻ የሚያስገባውን የጂን ሕክምና አንስታ ተስፋውንም አደጋውንም አብራ አስቀመጠች። አሜሪካ በ2023 አንዱን ፈቅዳለች። በ2025 ግን መራመድ ያቆሙ ወጣቶች ሕክምናውን ወስደው በጉበት መጎዳት ሞቱ፤ ጥንቃቄውም ጠበቀ። እንዲህ ያለውን ከተቆጣጣሪ ሐኪም ውጭ ማንም ሊወስነው አይገባም።

30ኛው ላይ የሚኒያፖሊሱ አባት ተመለሰ፤ ድምፁ ረግቧል። የሚሠራውን ነገራት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል፤ በድንገት ግን አይቋረጥም። የቁርጭምጭሚቱን ጅማት በየቀኑ ማሳሳብ አለባት። ልብም ጡንቻ ነውና ምልክት ሳይታይ ጀምሮ ይመርመር። ልጁ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ዱሼን እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ፤ ሱክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ለእነዚህ ልጆች ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ይህን የመጨረሻውን በወረቀት ጽፋ ከልጇ ካርድ ጋር እንድታስቀምጥ ለመናት።

እናትየዋ በ31ኛው መልስ ምርመራው የጂን ይሁን የደም ኢንዛይም ብቻ እንደማታውቅ ጻፈች። ውጤት ተብሎ የተነገራት ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ደሟ ውስጥ ሳይሆን በልጇ ደም ውስጥ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። 32ኛው የመምህሩ ነው። ሲኬ ጡንቻ መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደተጎዳ አይናገርም። የዲስትሮፊን ጂን ኤክሶን የሚባሉ 79 ክፍሎች አሉት። በአብዛኛዎቹ ልጆች ላይ የተወሰኑት ጎድለው ይገኛሉ። የትኞቹ እንደጎደሉ ሳይታወቅ ለልጁ የሚሆን መድኃኒት መኖር አለመኖሩን መናገር አይቻልም። እሷም ተሸካሚ መሆን አለመሆኗ የሚታወቀው በዚያው ነው፤ ሌላ ልጅ ካሰበች ያስፈልጋታል። የሲያትሉ ሰው ናሙና ከአገር ውጭ የሚላክበትን መንገድ ለመጠየቅ ቃል ገባ። እናትየዋ መኪናው ለጊዜው እንደማይሸጥና በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሙ ጋር ሄዳ የጂን ምርመራውን እንደምትጠይቅ ጻፈች።